ብልሃት ትምህርትን አይተካም

«የዛሬ ወጣት መማር አይወድም» የሚለውን ክስ ልቀበለው አልቻልኩም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ለእኔ ለዶክትሬት ባለቤቱ አጠቃቀሙን ያሳየኝ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሊስትሮ ነው። ማንም አላሠለጠነውም፤ ኑሮ ግድ ስላለው ተማረ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተፈታኞቹም የዚያው ትውልድ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጉድለቱን ከልጆቹ አእምሮ ሳይሆን ከትምህርት ቤቶቻችን እንፈልገው።

ይሁን እንጂ የወጣቱን ብልሃት እያደነቁ መቀመጥም ሌላ አደጋ አለው። በስልኩ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ወጣት ስለ ወረዳው በጀት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ካልቻለ፣ ዘመኑን ለመደው እንጂ የዘመኑ ባለቤት አልሆነም። መልመዱን በራሱ ተወጥቶታል፤ መጠየቅን ማስተማር ግን የመንግሥትና የእኛ የመምህራን ዕዳ ነው።