እውነተኛው ባሕር ዛፍ

«ባሕር» የሚለው ቃል በአማርኛችን ውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል። ጣናም ባሕር ነው፤ ቀይ ባሕርም ባሕር ነው። ዕውቀቱ የጠለቀውን ሰው ባሕር እንለዋለን፤ የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ ከአገር መውጣት ባሕር ማዶ መሻገር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ መጥቶ አዲስ አበባን የከበባት ዛፍ እንኳ፣ ሥሩን አንድም ቀን ጨው ውኃ ሳይነካው፣ ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ብቻ ባሕር ዛፍ ተብሎ ቀርቷል። እኛ ገጣሚዎችማ አንጠየቅም፤ ሲከፋን ባሕር፣ ስናፈቅር ባሕር፣ ስንሰደድም ባሕር ነው። በበኩሌ ባሳተምኋቸው ሁለት የግጥም መጻሕፍት ውስጥ ይህ ቃል የሌለበት ገጽ ጥቂት ነው። ባሕርን በዐይኔ ያየሁት ግን በ42 ዓመቴ ነው።

ከቤታችን ባሕርን የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም አይናገሩም። አባቴ በ1961 ዓ.ም.፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆነው ምጽዋ ወረዱ። ሥራቸው የመርከብ ሞተር ነበር። እናታችንና እኛ ልጆች አዲስ አበባ፣ እርሳቸው ጨው ውኃው ዳር፤ በዓመት አንድ ጊዜ መጥተው፣ ጥቂት ሰንብተው ይመለሳሉ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ አሰብ ነበሩ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመን ሲሻገሩም ከአንደኛው ላይ ነበሩ። አገራቸው ከገቡ በኋላ በአንድ ጋራዥ ተቀጥረው የመኪና ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ እርጅና ደረሰ። ስለ መርከበኞች ተውኔት ለመጻፍ አስቤ አንድ ሰሞን ስጠይቃቸው፣ «ውኃ ነው፤ ምን ይጻፍለታል?» አሉኝና ቡናቸውን ጠጡ።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አባቴን ለሕክምና ወደ ባንኮክ ወሰድኋቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤታቸውን አስይዘውና ዘመድ አስቸግረው የሚሄዱበት ከተማ ስለ ሆነ አዲስ ነገር የለውም። ስለ በሽታው አልጽፍም፤ እርሳቸውም አይወዱም። ሕክምናው አልቆ ለመጨረሻው ምርመራ የዘጠኝ ቀን ቀጠሮ ሲሰጠን፣ ከሆቴሉ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካርታ ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ከዚህ ባሕሩ ስንት ሰዓት ይሆናል?» አሉኝ። ቅርብ ያለውን፣ የሲያም ባሕረ ሰላጤን፣ አሳየኋቸው። «እሱን አላልሁም፤ የወዲያኛውን» አሉና በጣታቸው ምዕራቡን ዳርቻ፣ የአንዳማንን ባሕር፣ ጠቆሙኝ። ለምን ያንኛውን እንደ መረጡ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የአንዳማን ባሕር የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል ነው፤ የሕንድ ውቅያኖስም በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ይገባል።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ክራቢ ከሚባለው ክፍለ ሀገር ደረስን። በዚያ፣ አኦ ሉክ በተባለው ወረዳ፣ ቦ ቶ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ከመንደሪቱ የእንጨት ወደብ ተነሥቶ በማንግሮቭ ደን ውስጥና በኖራ ድንጋይ ተራሮች ሥር በካያክ መቅዘፍ ለጀማሪ ሁሉ የተፈቀደ ነው። ካያክ ከእኛ ከጣናው የደንገል ታንኳ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው ለማለት ይቻላል፤ ጠባብና ዝቅ ያለ ሆኖ፣ ቀዛፊው ከውኃው ጋር እኩል ተቀምጦ፣ ሁለት አፍ ባለው መቅዘፊያ በግራና በቀኝ ይገፋዋል። የእኛው ከፕላስቲክ የተሠራና ሁለት ሰው የሚይዝ ነበር። የ74 ዓመት ሽማግሌና ዋና የማያውቅ ገጣሚ፤ መቸም መሪያችን በልቡ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። አባቴን ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «ሉንግ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ታላቅ አጎት ማለት ነው።

ወጣቱ ትምህርቱን የሰጠን ከወደቡ ጣውላ ላይ አቁሞ ነው። መቅዘፊያውን ከትከሻህ ትንሽ ሰፋ አድርገህ ያዘው፤ አትጨብጠው፣ ጣቶችህ ይላሉ። በክንድህ አትጐትት፤ ወገብህን አዙር፣ ክንድ ቶሎ ይደክማል፣ ወገብ ግን ይቆያል። በቀኝ ብቻ ብትቀዝፍ ወደ ግራ ትዞራለህ። ለማቆም ወደ ኋላ ቅዘፍ። ብትገለበጥ ሰደሪያው ያንሳፍፍሃልና አትታገል፤ ካያኩን ይዘህ ጠብቀኝ። ዋሻ ውስጥ ጣራው ዝቅ ሲል ወደ ኋላ ተንጋለል እንጂ ድንጋዩን በእጅህ አትያዝ፤ የተጣበቀበት ዛጎል እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከሁሉ የገረመኝ የመጨረሻው ነው፤ በሁለት ሰው ካያክ ከፊት የሚቀመጠው ምቱን ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ምቱን እየተከተለ አቅጣጫ ይይዛል። «ሉንግ ፊት» አለ። አባቴ ከፊት ተቀመጡ። እኔም ጀርባቸውን እያየሁ መቅዘፍ ጀመርሁ። በልጅነቴ ጀርባቸውን የማየው ለስንብት ነበር።

ስለ ደኑ ጥቂት ልናገር። ማንግሮቭ ሥሩ ጨው ውኃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ፀሐይ ላይ የሆነ ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ባሕር ዛፍ መባል የሚገባው እርሱ ነበር። ዓይነቱ ብዙ ነው። አንደኛው ወገን ከግንዱ ወገብ ላይ ሥሮቹን እንደ ምርኩዝ እየወረወረ በጭቃው ላይ ይቆማል፤ ከሩቅ ሲታይ ቀሚሱን ሰብስቦ ወንዝ የሚሻገር ሰው ይመስላል። ሌላው ወገን ሥሩን ከጭቃው ውስጥ ሽቅብ ያበቅላል፤ ጭቃ ውስጥ አየር ስለሌለ የሚተነፍሰው በእነዚህ ጣት በሚያካክሉ ሥሮች ነው። የምርኩዘኛው ዘር ደግሞ እንደ ሌላ ዛፍ ዘር መሬት ወድቆ አይበቅልም፤ እናቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ በቅሎ፣ እንደ ጦር ረዝሞ፣ ከዚያ ይወድቃል። ጭቃ ካገኘ ይተከላል፤ ውኃ ከደረሰበት ተንሳፍፎ ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ይበቅላል። በሥሮቹ መካከል ሸርጣን ይሮጣል፤ በክንፎቹ ተመርኵዞ ጭቃ ላይ የሚራመድ ትንሽ ዓሣ አለ፤ ረዥም ጭራ ያላቸው ጦጣዎች ሸርጣን ሊለቅሙ ይወርዳሉ።

ይህ ደን ተመንጥሮ ነበር። ከማንግሮቭ የሚከሰለው ከሰል እሳቱ ጠንካራ በመሆኑ ታይላንዶች በመንግሥት ፈቃድ ለብዙ ዓመታት ቈረጡት፤ ከዚያም የሽሪምፕ ኩሬ ለመቆፈር አያሌ ዳርቻ ተራቈተ። ከ1960ዎቹ መግቢያ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. ነው፣ የአገሪቱ ማንግሮቭ ከግማሽ በላይ ጠፋ። መንግሥት የከሰሉን ፈቃድ የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሱናሚ ይህን ዳርቻ ከመታ በኋላ ደግሞ ዛፉ ስንት ማዕበል ሊያበርድ ይችላል የሚለው ክርክር ሆኗል፤ አንዳንዱ ብዙ፣ አንዳንዱ ጥቂት ይላል። የመንደሩ ሰዎች ግን ክርክሩን ሳይጠብቁ ሲተክሉ አየን። ከሰል አክሳይ ከሆነ አገር ለመጣ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ከተነሣን አንድ ሰዓት ሳይሞላን ውኃው ከሥራችን አለቀ። የአንዳማን ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጐድላል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ በሙላቱና በጕድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ አካባቢ ሦስት ሜትር ያህል ይደርሳል። እኛ በጠባብ ቦይ ውስጥ ሳለን የካያኩ ሆድ ጭቃ ነካ። መሪያችን ሳቀና፣ «እንጠብቅ» አለ። እኔ እንደ ደራሲ የመጣልኝ ሐሳብ ሁሉ የሞት ነበር። አባቴ ግን መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ በአጠገባችን ከነበረው ዛፍ አንድ ቅጠል ቀነጠሱና ወደ ኋላ ዘረጉልኝ።

«ላሰው።»

ላስሁት፤ ጨው ነው። ይህ ወገን ከባሕሩ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ በኩል ያወጣዋል።

«ሾራ ነው» አሉ። በቀይ ባሕር ዳርቻ ዐረብኛ የሚናገሩት እንዲህ ይሉታል። «ምጽዋ ፊት ለፊት ሸኽ ሰዒድ የምትባል ደሴት አለች። ሞልቶባታል። ግመል ይበላዋል።»

ከዚያ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልጠይቃቸው ቀጠሉ። ጀርባቸውን እንደ ሰጡኝ ነበር፤ ፊታቸውን አላየሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ እርሳቸውና አንድ የሐረር ልጅ ጀልባ እየለመኑ ወደዚያች ደሴት ይቀዝፉ ነበር። መቅዘፍ ያስተማራቸው እርሱ ነው። መዳፉን ከፍቶ፣ መቅዘፊያውን ሳይጨብጥ፣ ልክ ይህ ወጣት እንዳለው። በ1983 አሰብ ላይ መርከቡ ሊነሣ ሲል ሚስቱን ላምጣ ብሎ ወደ ከተማ ወጣ።

«ከዚያስ፣ አባዬ?»

«መርከብ ሰው አይጠብቅም።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም ዝም አልሁ። ስለዚያ ዛፍ በኋላ ያወቅሁትን እዚህ ባስገባ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ጎርደን ሳቶ የተባለ ትውልደ ጃፓን አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ፣ ማንግሮቭ በማይበቅልበት ዳርቻ፣ ለውኃው የጐደለው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት መሆኑን ተረድቶ፣ እነዚህን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ብዙ ተክሏል። ሥራውን «ማንዛናር» ብሎ ሰየመው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር የታሰረበት የአሜሪካ ሰፈር ስም ነው። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው፣ «በቅሎልኛል?» አሉ፤ እንደ ራሳቸው እርሻ።

አንድ የወደቀ ቅጠል ወደ ባሕሩ ሲንሳፈፍ ቆይቶ ቆመ። አባቴ ከእኔም ከመሪያችንም አስቀድመው አዩት። «ቆመ» አሉ፤ ጥቂት ቆይተው፣ «አሁን ይመለሳል»። ተመለሰ። ወጣቱ ዞር ብሎ አያቸው፤ ከዚያ በኋላ ትእዛዝ አልሰጣቸውም።

ውኃው እንደ ተነሣ ታም ሎት በሚባለው ዋሻ በኩል አለፍን። ዋሻው ተራራውን ከወዲህ ወዲያ የበሳ ነው። ድንጋዩ የተሠራው ከ250 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ውስጥ ከኖሩ ፍጥረታት ዛጎልና አጥንት ሲሆን፣ ዝናም ከአየርና ከአፈር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየኰመጠጠ ያሟሟዋል። የባሌውን ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ እዚህ ወንዙ ባሕር መሆኑ ነው። ከባሕሩ ላይ የቆሙት ገደላ ገደሎችም ለደጋ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ አምባ ናቸው። የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ የባሕሩ ወለል ከአሁኑ በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስለ ነበረ፣ እነዚህ ደሴቶች በሜዳ ላይ የቆሙ ተራሮች ነበሩ፤ ሰው በእግሩ በመካከላቸው ያልፍ ነበር።

ታም ፒ ሁዋ ቶ ወደሚባለው ሁለተኛው ዋሻ በደረጃ ይወጣል። ስሙ የባለ ትልቅ ራስ መንፈስ ዋሻ ማለት ነው። ጥንት ሰዎች የበሉት የዛጎል ክምር አሁንም እዚያ አለ። በግድግዳው ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የተሣሉ ሰዎች፣ እንስሳትና እጆች አሉ፤ ዕድሜያቸው ከ2,000 እስከ 3,000 ዓመት ይገመታል። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እኔ የተመለከትሁት አባቴን ነው። ከአንድ የእጅ ሥዕል ፊት ቆመው፣ መንካት ክልክል ነውና ሳይነኩ፣ የራሳቸውን መዳፍ ከፍተው በአየር ላይ ለኩት። ጣቶቹን እንደ መዘኑ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ወጣት ነው» አሉ።

በመልሱ መንገድ ሙላቱ ከኋላ እየገፋን ሄድን። ምቱ ከአባቴ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልተፋለሰም። ወደቡ ላይ ወጣቱ እጃቸውን ይዞ ሲያወጣቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ ወይ ብሎ በእኔ በኩል ጠየቃቸው። «ሞተረኛ ነበርሁ በለው» አሉኝ። ተረጐምሁለት። እርሱም ወደ አንድ የቆመ ጀልባ ሞተር አመለከተና አንድ ነገር አለ፤ አባቴ ቋንቋውን ሳያውቁ ጐንበስ ብለው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅናቸው።

ወደ ባንኮክ ተመልሰን በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ልባቸውን አዳመጠ፣ ደማቸውን ለካ፣ ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ ደስ ብሎታል። ሊያሰናብተን እጃቸውን ሲጨብጥ ግን መዳፋቸውን ገልብጦ ውኃ የቋጠረውን ቦታ አየና ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መልስ ስፈልግ አባቴ በእንግሊዝኛ፣ «ሥራ» አሉት።