ጧትና ማታ

ልጆች ሆይ፤ ክፉ ዘመን ሲመጣ ሰው ሁሉ ባንድ ዓይነት አይጨነቅም። አንዱ ስለ እንጀራው፣ ሌላው ስለ ጤናው ይጨነቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ እጁን በምን ሥራ እንደሚያውል ጠፍቶት ይጨነቃል። እኔ ሦስቱንም ባንድ ቤት ውስጥ አይቻለሁ፤ ይኸውም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወዳገራችን በገባ ጊዜ ነው።

በሽታው ባገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ በዚያው ወር መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እጅ መጨባበጥና መሳሳም ቀረ፤ ሰው ከሰው ሁለት ርምጃ ያህል ራቀ፤ ጎረቤትም ለቡና መጠራራቱን ተወ። በኛ ሰፈር ከሁሉ የከበደው ይህ የመጨረሻው ነበር። ቡና ከሌለ ሰው የጎረቤቱን ችግር በምን ያውቃል?

እኔ የምኖረው በስፌት ነው። ሽሮ ሜዳ ላሉ ነጋዴዎች የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። የዚህ ሥራ መከሩ ፋሲካና ከርሱ በኋላ የሚመጣው የሰርግ ወራት ነው። በዚያ ዓመት ግን ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል ገበያው ጭር ብሎ ነበር፤ ብዙው ሰርግም ላልታወቀ ቀን ተላልፎ ነበር። የቤት ኪራይ ግን አልተላለፈም። ስለዚህ ከቍርጥራጭ ጨርቅ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እየሰፋሁ፣ እርሱን ለመሸጥ ማለዳ እየወጣሁ ሲመሽ እመለስ ነበር።

በቤት የሚቀሩት እናቴና የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ነበሩ። እናቴ ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ስላለባት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ትውጣለች። አንዱ ጧት ብቻ ይዋጣል፤ ሁለተኛው ጧትና ማታ። ሁለቱም ነጭና ክብ ናቸው፤ የሚለዩት መድኃኒት ሻጩ በወረቀት ከረጢታቸው ላይ በጻፈው ጽሕፈት ነው። ጽሕፈቱን ታነብላት የነበረችው የጎረቤት ልጅ በሽታው ከመጣ ወዲህ መምጣት አቆመች። ይህም ከክፋት አይደለም፤ በሽታው በዕድሜ የገፉትንና የስኳር በሽታ ያለባቸውን አጥብቆ ይጎዳል ስለ ተባለ፣ ለናቴ ታስቦ ነው። ከዚያ ወዲያ የማንበቡ ሥራ የወንድሜ ሆነ።

አንድ ማታ አምሽቼ ስገባ እናቴ ሁለቱን ከረጢቶች በእጅዋ ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ወንድሜ ተኝቶ ነበር። ልጁን ከእንቅልፉ መቀስቀስ አሳዘናት፤ በግምት መዋጥ ደግሞ አስፈራት፤ ስለዚህ አንዱንም ሳትውጥ ሌሊቱ ገፍቶ ነበር። በማግስቱ፣ «ባንደኛው ከረጢት ላይ ቀይ ክር ልሰርልሽ» አልኋት።

«ክሩ ቢፈታስ? ክር አይናገር» አለችኝ። «ይልቅስ ልጁ ፊደል ያስቈጥረኝ።»

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እርስዋም ጥቂት ሳምንት ተምራ ነበር። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጅዋን ታጠባ ነበርና አልቀጠለችም። ከዚያ ሁሉ የቀሩላት ሀና ለ ብቻ ነበሩ።

ወንድሜ የፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ ከናቴ የመሶብ ስፌት ዕቃ መካከልም ለመጠቈሚያ አንድ ስንደዶ መዘዘ። ትምህርቱ ሁልጊዜ ከቍርስ በኋላ፣ የርሱ የራዲዮ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ነበር። እናቴም ከዚያን ቀን ጀምራ «የኔታ» ትለው ጀመር፤ እርሱም በዚህ ስም እጅግ ኰራ።

በዚያ ወራት እጅን በሳሙና ሃያ ሰከንድ ያህል መታጠብ ይመከር ነበር። ቫይረሱ ከላዩ የስብ ልባስ አለውና፣ ሳሙና የድስትን ቅባት እንደሚያስለቅቅ ያንንም ልባስ ያፈርሰዋል። እናቴ ሰከንድ የምትቈጥርበት ሰዓት ስለሌላት ከሀ ጀምራ፣ በተራው ሰባተኛ የሆነውን ሰን ከነዘሩ እስክትጨርስ ድረስ እያለች ትታጠብ ነበር። ሐ ላይ በደረሰች ጊዜም፣ «ይህም ሀ፣ ያም ሀ፤ ሦስት ልጅ ወልዶ ባንድ ስም መጥራት ምንድር ነው?» ብላ ጠየቀች። የኔታ መልስ አጣ። እኔም፣ በጥንቱ ግእዝ ሀ፣ ሐና ኀ ለየራሳቸው ድምፅ እንደ ነበራቸው፣ ባማርኛ አንደበት ግን አንድ እንደ ሆኑ፣ ትግርኛ ዛሬም ሐን ለይቶ እንደሚጠራ ነገርኋት። «እንግዲያማ እኛ ነን ያደባለቅነው» አለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ግን መምህርና ተማሪ ተጣሉ። እናቴ «ጧት የሚለውን አሳየኝ» አለችው። እርሱም፣ «ተራው አልደረሰም። እኛ ገና መ ላይ ነን፤ ጠ ሃያ ሰባተኛ ናት» አላት።

«የኔታ፤ መድኃኒቱ ተራ አይጠብቅልኝም» አለችው።

ነገሩ ለዳኝነት ወደኔ መጣ። ልጁ ያለ ምክንያት አልተከራከረም። ፊደላችን 33 ሲሆን እያንዳንዱ ሰባት መልክ አለው፤ ይህም 231 ይሆናል። በተራ የተማረ ሰው በመካከል ቀዳዳ አይተውም። ጧ ደግሞ ከነዚህ ውጭ፣ ዲቃላ ከሚባሉት ፊደላት ወገን ናትና ገና ሩቅ ነበረች። ነገር ግን ጧትና ማታ የሚሉትን ቃላት ለማንበብ ስንት ፊደል ያስፈልጋል? ጧ፣ ት፣ ማ፣ ታ፤ አራት ብቻ። እኔም፣ አራቱን ዛሬ አሳያት፣ ከዚያ በኋላ ወደ ተራችሁ ተመለሱ ብዬ ፈረድሁ። ወንድሜ ጥቂት አኰረፈ፤ ሆኖም አራቱን ፊደላት በከሰል በትልቁ ጽፎ ከገበታው አጠገብ ለጠፈላት።

በዚያ ወራት ስለ ኒውተን ብዙ ይወራ ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1665 እንግሊዝ አገር ወረርሽኝ ገብቶ የኬምብሪጅ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፣ ኒውተን ወደ ትውልድ መንደሩ ሄዶ ስለ ብርሃንና ስለ ሒሳብ ታላቅ ነገር መረመረ። ታሪኩ እውነት ነው። እኔ ግን ይህን ለኛ ለመሰለ ሰው እንደ ወቀሳ አድርገው ሲያወሩት ደስ አይለኝም። ኒውተን እንጀራውን ከናቱ ርሻ ያገኝ ነበር፤ ኪራይ የሚጠይቀውም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ዳቦ ሲፈልግ የዋለ ሰው ማታ አራት ፊደል ቢጨምር፣ እኔ በበኩሌ ትንሽ ነው አልልም።

በግንቦት ወር አንድ ማታ ስገባ ወንድሜ እንደ ልማዱ ተኝቶ ነበር። እናቴ አንዱን ከረጢት ወደ መብራቱ አስጠግታ፣ ጣትዋን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገረች፣ «ማ… ታ» አለች። ሁለተኛውንም አየች፤ በርሱ ላይ ማ እንደሌለ አረጋግጣ አስቀመጠችው። ከዚያም መድኃኒትዋን ውጣ ራትዋን በላች። እኔ ከበሩ ቆሜ አንዲት ቃል አልተናገርሁም።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በየተራ ሲከፈቱ ተማሪዎች በፈረቃ ይማሩ ስለ ነበር፣ የናቴ ትምህርት ሰዓቱ ወዲያና ወዲህ እያለ ቀጠለ። ከመጨረሻው ፐ ለመድረስም ብዙ ወራት ፈጀባት። ቸና ኸ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ያሳስቷታል። መድኃኒት ሻጩ ቸኵሎ ጣል ጣል አድርጎ የጻፈ እንደ ሆነ ግን፣ ከረጢቱን በመስኮቱ መልሳ ታቀብለውና፣ «ልጄ፤ ይህ አይነበብም፤ አስተካክለህ ጻፍልኝ» ትለዋለች።