ቀኙ ሲዘጋ

ሰው ሁሉ ስለ ድንበሩ ሲጽፍ እኔ ስለ ግራ እጄ ልጽፍ ነው። ታገሱኝ፣ መተማ እንደርሳለን።

ያደግኩት ገንዳ ውሃ ነው። በግራ እጅ መብላት ነውር መሆኑን የተማርኩት ከፊደል በፊት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቅርጫት ኳስ ስጀምር ይህችው ግራ እጅ አዋረደችኝ። ፈጣን ነበርኩ፤ ግን የምሄደው ወደ ቀኝ ብቻ። ተከላካዮቹ ወዲያው አወቁብኝ። ቀኜን ዘግተው ግራውን ለቀቁልኝ። በተለቀቀልኝ በኩል ኳሷን እግሬ ላይ አነጠርኳት።

አሰልጣኛችን መድኃኒቱን ነገረኝ፦ ቀኝ እጅህን ኪስህ ክተት፤ በየቀኑ 15 ደቂቃ በግራ ብቻ አንጥር፤ ዓይንህ ኳሷን አይይ። በግራ ሌይአፕ ስትገባ በቀኝ እግርህ ዝለል። ከባዱ ልምምዱ አልነበረም፤ ሰው ፊት እንደ ጀማሪ መታየቱ ነው። ጨዋታ ላይ ሳላፍር የተጠቀምኩባት ከአራት ወር በኋላ ነው።

ላሪ በርድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1986 ፖርትላንድ ላይ ብዙ ኳሶችን በግራ እጁ እያስገባ 47 ነጥብ አስቆጥሯል። ቀኙ ተጎድታ አልነበረም። ግራውን ያሰለጠናት ቀኙ ደህና ሳለች ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ለዘገባ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። ከካርቱም የሸሹ ሰዎች በገላባት በኩል ይገቡ ነበር። እዚያ ሱቅ ያላቸው አጎቴ ለዓመታት የሸጡት ለማዶ ሰው ነው። «ልጄ፣ ማዶው ሲነድ እኔም ነደድኩ» አሉኝ። ቀኙ የተዘጋበት ተጫዋች ታየኝ።

የቆላው ገበሬ ሰሊጥ ሲያጭድ ቀኙ ማጭድ ትይዛለች፣ ግራው አገዳውን። ግራው ከዋዠቀች የደረሰው ፍሬ ይረግፋል። ማሳ ላይ ሁለት እጅ አለን፤ ገበያ ላይ ግን አንድ፦ ጥሬውን ጭኖ መላክና ድንበር ሲከፈት መነገድ። ሰሊጡን እዚሁ ጨምቆና አሽጎ ወደ መሀል አገር መሸጥ ግራ እጃችን ነው። ድንበሩ ሲዘጋ ሁሉም ያወራላታል፤ ሲከፈት ትረሳለች።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ አጎቴም ብድር ጠይቀው ሰልችቷቸዋል። በመጨረሻ ከሱቃቸው ጓሮ አንዲት ትንሽ የዘይት መጭመቂያ ተከሉ። እስካሁን ብዙም አላዋጣቻቸውም። የእኔን ታሪክ ነግሬያቸው ስለነበር፣ ባለፈው ስደውል እየሳቁ «ገና ኳሷን እግሬ ላይ እያነጠርኩ ነው» አሉኝ።

በቀኝ ያውላችሁ። ግራችሁንም አትርሱ።