የማይዋጥ ሳንቲም

ልጆችዎን ይዘው ዓባይን ወደ ጎጃም ሲሻገሩ ኪስዎ ውስጥ ዝርዝር ይኑርዎት። ምክንያቱን መንገድ ላይ አጫውትዎታለሁ።

ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጅጋን ካለፉ በኋላ ፍኖተ ሰላም ይገባሉ። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር፤ የአሁኑ በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በርበሬ በሚሰጣበት ወቅት ከደረሱ ግቢው ሁሉ ቀልቶ ይጠብቅዎታል። በዚሁ አገር ወደ ዓባይ የሚወርድ ብር የሚባል ወንዝም አለ። የሰባት ዓመት ልጄ ይህን ስትሰማ፣ «ሳንቲም የሚባልስ ወንዝ የለም?» አለችኝ። ሳንቲሙ ያለው አክስቴ ሱቅ ውስጥ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ ነው።

የሄድኩት ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። አክስቴ ሰባን አልፈዋል፤ ጉልበታቸው አስቸግሯቸዋል። ቤተሰቡ «ማሳመን ሥራሽ አይደል? ሱቁን እንዲዘጉ ንገሪያቸው» ብሎ ልኮኛል።

የመጀመሪያው ምሽት አሜሪካ ያለው ልጃቸው በቪዲዮ ደወለ። አሮጌ የለስላሳ መሸጫ ማሽን ገዝቶ እየጠገነ ነው፤ ሳንቲም የሚቀበለውን ክፍል አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል። ሐሳቡ እንኳ የቆየ ነው፤ የእስክንድርያው ሄሮን በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ሳንቲም ሲጣልበት የተቀደሰ ውሃ የሚቀዳ ዕቃ በጽሑፉ ገልጿል።

ሳንቲሙ ማሽኑ ውስጥ ሦስት ፈተና ያልፋል። ቀዳዳው ስፋቱን ይለካል። ከዚያ ትንሽ ሚዛን ላይ ያርፋል፤ ክብደቱ ከጎደለ ሚዛኑን አይደፋውም፣ ከጠበበም ሾልኮ ይወድቃል። ቀጥሎ በማግኔት አጠገብ ያልፋል፤ ብረት ከሆነ እዚያው ይያዛል፣ ሌላው ደግሞ እንደ ማዕድኑ ዓይነት ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፈተናውን ያላለፈው ወደ መመለሻው ይወርዳል።

የዚህኛው ብልሽት ትክክለኛውን የሩብ ዶላር ሳንቲም መመለሱ ነው። «እማዬ፣ መጀመሪያ ሳንቲሙን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ማግኔቱን ልቀይር ነበር» አላቸው። ለካ መጀመር ያለበት ከቀላሉ ነው። ማሽኑ ዘሞ ከቆመ ሳንቲሙ መንገዱን ይስታል፤ ስለዚህ አቃናው። ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ክፍሉን አወጣ፤ የደረቀውን ስኳርና አቧራ በሞቀ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ አጠበ፣ በደንብም አደረቀ። ዘይት አላስነካውም፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። በመጨረሻ ሚዛኑ እንደ ልቡ መወዛወዙን በጣቱ ሞከረ። ሩቡ ተዋጠ።

«እኔ የላክሁልህ አሥር ሳንቲምስ?» አሉ አክስቴ።

«እሱን ሁልጊዜ ይመልሰዋል። ልጆቹ የአያታችን ሳንቲም አያልቅም ይላሉ።»

አክስቴ ሳቁ። ቀጥሎ «ለምን አትመጪም?» ሲላቸው ግን ዝም አሉ።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ስመለከት ዋልኩ። ባዶ ጠርሙስ ሲመጣላቸው አክስቴ አፉን በጣታቸው ይዞራሉ፤ የተሸረፈ ከሆነ ይመልሱታል። አንድ ልጅ ከገጠር ለዘይት ተልኮ መጣ፤ ሁለት ብር ጎደለው። ፊቱን አዩትና «በገበያ ቀን ታመጣለህ» ብለው ሸኙት። ይህን ፈተና የሚያሳልፍ ማሽን የለም። ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ምንም አልገዙም፤ ሰላም ብለው፣ የጉልበታቸውን ነገር ጠይቀው ሄዱ።

የመጣሁበትን መልእክት ከአፌ ማውጣት ከበደኝ። እኛም ማግኔቱን ልንቀይር ነበር። አክስቴ የሚጎዱት መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሳጥን ከመሬት ሳነሳ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሳጥኖቹን ወገብ በሚደርስ አግዳሚ ላይ ደረደርን፤ መደገፊያ ያለው ወንበር አስገባን፤ የጎረቤት ልጅ ጠዋት ጠዋት እንዲያግዛቸው ተስማማን። ጉልበታቸው አልዳነም። ለቤተሰቡም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ገና እየተከራከርን ነን።

ሲመለሱ አይቸኩሉ። ማንኩሳን አልፈው እስከ ቡሬ ይዝለቁ፤ የሞሐ ለስላሳ መጠጦች ፋብሪካ እዚያ አለ። ልጄ ሳጥን የጫነ መኪና ስታይ «የአክስትሽ ነው?» አለችኝ። ከጣሳው የደጋ አጋዘን ያለባቸውን አሥር ሳንቲሞች መርጣ በክብሪት ቀፎ ይዛለች፤ ለአሜሪካ ዘመዶቿ ልትልክ ነው።

እርስዎም ፍኖተ ሰላም ላይ ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ጎራ ይበሉ። ለስላሳውን እዚያው ይጠጡ፣ ጠርሙሱን ይመልሱ፣ ሒሳቡን በዝርዝር ይክፈሉ። ከመነሳትዎ በፊት ግን ባለሱቋን ጉልበታቸውን ይጠይቋቸው።