ካርድና ዲስክ

ቀን በባንክ መስኮት የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥሞቼን የማኖረው ራስበሪ ፓይ በምትባል፣ መታወቂያ በምታክል ኮምፒውተር ነበር፤ እርሷም ሁሉን የምትይዘው ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። አንድ ምሽት ስለ አባቴ የጻፍኩትን ሳስቀምጥ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ካርዱ አልነበብ አለ።

የደንበኛን ሒሳብ አንድ ቦታ ብቻ ያስቀመጠ ባልደረባ ባይ እቆጣ ነበር። የአባቴን ግጥም ግን እንዲያ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ካርድና ሃርድ ዲስክ ሳማርጥ ሰነበትኩ። ካርድ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ቢወድቅ ግድ አይሰጠውም፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃዋል። ነገር ግን በተጻፈበትና በተሰረዘ ቁጥር ያረጃል፤ ኮምፒውተሯም እኔ ተኝቼ እንኳ የራሷን የሥራ መዝገብ ትጽፍበታለች። ሃርድ ዲስክ ደጋግመው ቢጽፉበት እንደ ካርድ አያልቅም፤ ሆኖም እየተሽከረከረ ከወደቀ የሚያነበው ራስ ገጹን ይፍቀዋል። ኃይልም ይሻል፤ ትልቁ ዓይነት የራሱን የኤሌክትሪክ ገመድ ይጠይቃል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳህኖች ደርድሮ የያዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ነበር። ለእኔ ግጥሞች ይተርፍ ነበር።

በመጨረሻ ማስነሻውን ለካርዱ፣ ግጥሞቹን ለዲስኩ ሰጠሁ። ዲስክም እንደሚሰበር ስለማውቅ ቅዳሜ ማታ በደብተር እገለብጣለሁ። ከአባቴ ግጥም አራት ስንኝ ብቻ ታወሰኝ፤ ከሥሩ ያለውን ገጽ ባዶ ትቼዋለሁ።