ሳይረገብ የቆየ ክር

ማንዶሊን ባንጆ ከሁለት ቤት የተወለደ መሣሪያ ነው። አንገቱና ጥንድ ጥንድ የሆኑት ስምንት ክሮቹ የማንዶሊን ናቸው፤ ሆዱ ግን እንደ ባንጆ ቆዳ የተወጠረበት ክብ እንጨት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተወደደው ያለ ማይክሮፎን ድምፁ ርቆ ስለሚሰማ ነበር። በአገራችን ማንዶሊን ሲነሣ ቶሎ የሚታወሱት አየለ ማሞ ናቸው። የቆዳ ሆድ ያለውን ግን እኔ ያየሁት ጢቾ ላይ፣ ያውም አንድ ብቻ ነው።

ባለቤቱ የቤተ ክርስቲያናችን የቀድሞ ዘማሪ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በ1960ዎቹ፣ ስዊድኖች ካዱ በሚባለው የጭላሎ ግብርና ልማት አሰላ ላይ ሲሠሩ፣ ከእነሱ አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰጥቷቸው ሄደ። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ የእኛም ጸሎት ቤት ታሸገ። ጋሼ መሣሪያውን በጆንያ ጠቅልለው የገብስ ጎተራ ውስጥ ደበቁት።

ልንጠግነው ስንነሣ ቆዳው አላስቸገረንም፤ የፍየል ቆዳ ጢቾ አይጠፋም። ያልለፋውን፣ ፀጉሩ የተፋቀውን ቆዳ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን እርጥቡን ወጠርነውና ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ደረቀ። ከበሮ የሚመታ ሰው እንደሚያውቀው ቆዳ በክረምት ጭጋግ ይረግባል፣ በበጋ ይከርራል። ስለዚህ ወጣሪ ብረቶቹ በአንድ ጊዜ አይጠብቁም፤ ትይዩ ትይዩ የሆኑት በየተራ፣ ሩብ ዙር ብቻ ይጠብቃሉ። የጎደሉትን ሦስቱን ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ሠራናቸው፤ ጫፉ ጥርስ ስላለው ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ክሮቹን የምትሸከመው ብርኩማ አትጣበቅም። ከእሷ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት፣ ከዚያ እስከ አንገቱ ጫፍ ካለው ጋር እኩል ሲሆን ቦታዋ ያ ነው።

አንገቱ ግን ጎብጧል። መሣሪያ ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጥ ሰው ክሩን ያረግባል፤ ጋሼ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

“ታዲያ ለምን አላረገቡትም?” አልኳቸው።

“ለሚመጣው እሑድ የሚከፈት መስሎኝ ነዋ!” አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ “ከዚያም ለሚቀጥለው” አሉ።

ለስንት እሑድ እንዲህ እንዳሉ አልጠየቅኳቸውም። ክሩ ግን እንደተቃኘ ነበር የዛገው።

በሙቀት እናቅናው ወይስ እንተወው? እኔ ማቅናት ፈልጌ ነበር፤ ያረጀ እንጨት ሊሰነጠቅ እንደሚችል ባውቅም። ጋሼ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ቀጫጭን ክር አድርገንበት ብርኩማዋን በጥቂቱ ሞረድናት። አሁን ከሰባተኛው ፍሬት በላይ ሲጫኑት ድምፁ ይስታል፤ ከዚያ በታች ግን ጥርት ያለ ነው። ጋሼ የሚያውቋቸው መዝሙሮች ደግሞ አምስተኛውን ፍሬት አያልፉም።

እሑድ ጉባኤው ሲበተን ጋሼ ማንም ሳይነግራቸው ስምንቱንም ክር ግማሽ ግማሽ ዙር ያረግባሉ። ቅዳሜ ልምምድ ላይ እንደገና ጥንድ በጥንድ ለመቃኘት ሩብ ሰዓት ይፈጅብናል። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ያጉረመርማል።