ማየትና ማነጣጠር

«መነጽር» የሚለው ቃላችን የመጣው «ነጸረ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ አየ፣ ተመለከተ ማለት ነው። «አነጣጠረ»ም የዚያው ቤት ልጅ ይመስለኛል። ጸሎትን ጠሎት፣ ጸጉርን ጠጉር ያለ አንደበት «ጸ»ን ወደ «ጠ» ለመለወጥ መቼም አይቸገርም። እንግዲህ ማየትና ማነጣጠር በአማርኛችን ወንድማማች ናቸው። ወንድማማች መሆን ግን አንድ መሆን አይደለም። ሰሞኑን ይህን ሳወጣ ሳወርድ የሰነበትኩት በአንድ የጠመንጃ መነጽር ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ደብረ ሲና ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ አሜሪካ ከገባ ወዲህ በየኅዳሩ ፈቃዱን አውጥቶ አጋዘን ያድናል። በስልክ፣ «ጋሼ፣ ለጠመንጃዬ መነጽር ልገዛ ነበር፤ ሁለት አማርጬ ልቤ ተከፈለ» አለኝ። አንዱ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ ነው። ሌላው ዋጋው የትየለሌ ሆኖ እስከ 24 እጥፍ ያጎላል።

«ለመሆኑ ስንት ሜትር ላይ ነው የምትተኩሰው?» አልኩት።

«ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቢበዛ መቶ፣ መቶ ሃምሳ።»

«ታዲያ 24 እጥፉ ምን ሊሠራልህ ነው?»

«ጥርት አድርጎ ያሳያላ!»

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ጠመንጃ መነጽር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ነገሩን ሳገላብጠው፣ «ጥርት አድርጎ ያሳያል» የሚለው ነገር ግማሹ እውነት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። መነጽር ባጎላ ቁጥር የሚያሳየው ስፋት ይጠብባል። በ3 እጥፍ የሚያይ አዳኝ በመቶ ሜትር ርቀት ላይ ዐሥር ሜትር ያህል ስፋት ይታየዋል። በ9 እጥፍ አራት ሜትር ገደማ ነው። በ24 እጥፍማ የአጋዘኗን ጠጉር ይቆጥር እንደሆነ እንጂ፣ አጠገቧ ግልገሏ ትኑር፣ ከኋላዋ ሰው ይምጣ አያውቅም። የገዛ እጁ መንቀጥቀጥና ትንፋሹም አብረው ይጎላሉ።

የብርሃኑም ነገር አለ። ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት የሚገኘው የፊት መስተዋቱ ስፋት ለማጉያው ሲካፈል ነው። 40 ሚሊ ሜትር መስተዋት በ4 እጥፍ 10 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ በ9 እጥፍ 4.4 ብቻ። 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ በ24 እጥፍ 2 ይሆናል። በድንግዝግዝ የወጣት ዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ በእኔ ዕድሜ 5 ከደረሰም ጥሩ ነው። አጋዘን ከጫካ ብቅ የምትለው ደግሞ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ስለዚህ ውድ የተባለው መነጽር በሙሉ ማጉያው ሲታይበት በሚፈለግበት ሰዓት ይጨልማል። «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» ይሏል ይሄ ነው። አነስተኛውን እንዲገዛ፣ በሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ባይኖኩላር እንዲጨምር መከርኩት።

በእኛ በኩል በውጅግራና በምንሽር ያደኑ ሰዎች መስተዋት አልነበራቸውም። የነበራቸው ማድባት ነው፤ እስኪቀርቡ መጠበቅ። ያገሩም ጠባይ ይህን ያስተምራል። ከጣርማ በር ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ገደማ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ገደል ላይ ርቀት ያታልላል። በ45 ዲግሪ ቁልቁለት 300 ሜትር ላይ የሚታይ ነገር በአግድም ሲለካ 212 ሜትር ነው፤ ጥይቱን የምድር ስበት የሚያወርደውም በዚሁ በአግድሙ ልክ ነው። ለ300 ሜትር ያነጣጠረ ሰው በላይ በላዩ ይተኩሳል። ዛሬ ይህን የሚያሰላ መሣሪያ አለ፤ የቆመበትን ምድር ለማያውቅ ግን መስተዋት ብቻውን አይነግረውም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የአክስቴ ልጅ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረጋት ወሬ ናት። ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት ኮርስ ወስዶ ነበር። እዚያ የተማረው አንዱ ሕግ «በጠመንጃ መነጽር አትፈልግ» የሚል ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየህ፣ ምን እንደሆነ የምታጣራው በባይኖኩላር ነው። ለምን ቢሉ፣ የጠመንጃ መነጽር ከጠመንጃው ጋር የተጣበቀ ነውና፣ በእርሱ ያየኸው ሁሉ አፈሙዝ የተደገነበት ነው። የምታየው ሰው ሆኖ ቢገኝ ሰው መሆኑን ያወቅኸው ከደገንክበት በኋላ ነው። በቨርጂኒያ በጠመንጃ የአጋዘን አደን ወቅት አዳኞች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ እንዲለብሱ የሚገደዱትም አስቀድሞ «ሰው ነኝ» ለማለት ነው።

ይህን ስሰማ አገሬን አሰብኩ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ያ በረደ ሲባል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ጥይቱ የገደለውን ገድሏል። በተረፍነው ላይ ግን የአስተያየት ልማድ ጥሎብን የሄደ ይመስለኛል፤ አስቀድሞ ማነጣጠር፣ ኋላ ማየት። አውቶብስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው «የየት አገር ሰው ነው? ከማን ወገን ነው?» ብለን ደግነን ነው ሰላም የምንለው። ማጉያውም ከፍ ያለ ነው። አነጋገሩን ወይም መታወቂያውን እስከ ጠጉሩ ድረስ አጉልተን እናያለን፤ አጠገቡ ያለችው ልጁ፣ የተሸከመው የመድኃኒት ፌስታል ከክቡ ውጭ ይቀራሉ። እንዲህ የሚያየው ያልተማረው ብቻ ነው እንዳንል፣ ጽሑፋችንን ያየ ይታዘበናል።

ጠመንጃ ይጥፋ የሚል ስብከት አላመጣሁም። እርሱን ሕግ ይያዘው፤ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 541 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። የእኔ ምኞት ትንሽ ናት። በዚያ ገደል ጫፍ ጭላዳ ይሰማራል፤ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። በወፍ ዋሻ ደን የምኒልክ ድኩላ አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. ተገኝታ ሳይንስ በአንኮበር የሰየማት ትንሽ ወፍም የዚሁ ገደል ነዋሪ ናት። እርሷን በመነጽር ለማየት ፈረንጆች ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ኖረዋል። ያገሬው ልጅ ግን ከወፏ በፊት የጠመንጃውን ዓይነት በስም ለይቶ ያውቃል። ለደብረ ሲና ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ባይኖኩላር የሚያደርስ ሰው ቢገኝ፣ ልጆቹ በተራ በተራ ገደሉን ይዩበት ነበር። ቃታ የሌለው መነጽር ከዓይኑ ያስጠጋ ልጅ ሩቅ ያለውን ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ብሎ ማየትን ይለምዳል።